በአነስተኛ ገንዘብ ድንበር ተሻግሮ በባቡር መጓዝ፦ ከሸርቆሌ እስከ ጂቡቲ

መግቢያ

ስለ ባቡር ጉዞ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከባቡር ጣቢያ ነው። የሸርቆሌ ልጅ ግን ባቡር ጣቢያ ለመድረስ ብቻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው መንገድ መሄድ ይጠበቅበታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ሐዲድ የለም። እኔም የወረዳው ልጅ ስለሆንኩ ባቡርን መጀመሪያ ያወቅኩት በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው። የክፍላችን ልጆችም ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ተመሳሳይ መልስ የሚሰጡ ይመስለኛል።

ታዲያ ገንዘብ የሌለው ተማሪ በባቡር ውጭ አገር ደርሶ መምጣት ይችላል ወይ? ከቻለስ ወጪው የት የት ላይ ነው? እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪስ ከዚህ ጉዞ ምን እንማራለን? ይህ ጽሑፍ ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ይሞክራል። እንደ ምሳሌ የተወሰደው አገራችንን ከውጭ አገር ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ የባቡር መስመር፣ ማለትም የአዲስ አበባ ጂቡቲ መስመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የሸርቆሌ ቅርብ ባቡር ጎረቤት አገር ነበር

ብዙዎቻችን የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። ለሸርቆሌ ሰው በጣም ቅርብ የሆነው ሐዲድ በአዲስ አበባ በኩል ያለው አይደለም። በሱዳን በኩል ነው። ከሸርቆሌ ወደ ኩርሙክ፣ ከኩርሙክ ድንበር ተሻግሮ ወደ ደማዚን ቢኬድ የሱዳን የባቡር መስመር ጫፍ ላይ ይደረሳል። ይህ መስመር ከሰናር ተነስቶ ደማዚን የደረሰው በ1954 ነው። የሱዳን ባቡር ታሪክ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። እንግሊዞች በ1897 ከዋዲ ሃልፋ ተነስተው በበረሃው ውስጥ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ የመጀመሪያ ዓላማውም ጦር ሠራዊት ማመላለስ ነበር። በ1899 መጨረሻ ካርቱም አጠገብ ደረሱ። ኋላ ላይ መስመሩ ወደ ሰናር፣ ወደ ኮስቲ፣ ወደ ኤል ኦቤይድ፣ ወደ ከሰላና ገዳሪፍ ሁሉ ተዘረጋ። የሱዳን ባቡር በደህናው ጊዜ ከአፍሪካ ረጃጅም መስመሮች አንዱ ነበር። ጥገና እያጣ ከሄደ በኋላ ግን እየተዳከመ መጣ።

ይህ ቅርብ መንገድ ዛሬ ለተጓዥ ክፍት አይደለም። ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያ በኩል የሚመጣው ሰው ለሽርሽር ሳይሆን ነፍሱን ለማዳን ነው የሚመጣው። ሸርቆሌ ደግሞ ይህን አዲስ ነገር ብሎ አያየውም። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ1997 ሲሆን ምክንያቱም በብሉ ናይል ግዛት የተደረገው ውጊያ ነበር። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2011 ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ ደግሞ ሌሎች መጡ፤ ከሸርቆሌ ሌላ በቶንጎና በባምባሲ መጠለያዎች ተከፈቱ። ስለዚህ እኛ አካባቢ «ድንበር መሻገር» የሚለው ቃል ሻንጣና ቲኬት ብቻ አያስታውስም። ይህን ነጥብ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የቀድሞው ባቡርና ሦስተኛ ማዕረግ

ወደ ምሥራቁ መስመር እንምጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰና እዚያው አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ያቺ ከተማ ድሬዳዋ ናት። ሐረርን ያህል ጥንታዊ ከተማ ወደ ጎን የተተወው ባቡሩን ተራራው ላይ ማውጣት እጅግ ውድ ስለሆነ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ በመጨረሻም በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1929 ተመረቀ።

ባቡሩ በቋንቋችን ላይ ጥሎት የሄደው አሻራ ራሱ የሚገርም ነው። «ለገሃር» ማለት በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» እንደማለት ነው። «ፉርጎ» የሚለውም ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። «ባቡር» የሚለው እንኳ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነስቶ በቱርክና በዐረብኛ በኩል አልፎ የደረሰን ነው ይባላል። ስለዚህ አያቶቻችን ቲኬት ሳይቆርጡ ቃሉን ተሳፍረውበታል ማለት ይቻላል።

የቀድሞው ባቡር ፍጥነት አልነበረውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት ስለማይጓዝ ከጂቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። አዋሽ ላይ እስከ ዛሬ የሚታወቀው የቡፌ ሆቴል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ለኪሱ ሳሳ ያለው መንገደኛ የነበረው ቦታ ሦስተኛ ማዕረግ ነው። መቀመጫው ጠንካራ፣ ሰውና ዕቃው የተደባለቀ፣ ግን ርካሽ ነበር። ባቡሩ በትንንሽ ጣቢያዎች ሁሉ ስለሚቆም ሐዲዱን ተከትሎ ሌላ ኑሮ በቀለ። ፍራፍሬ የሚሸጡ፣ ወተት ይዘው የሚጠብቁ፣ ጫት የሚጭኑ፣ ጨርቅና ሲጋራ ከኬላ ደብቀው የሚያሳልፉ ሰዎች ሁሉ የሚኖሩት በባቡሩ ነበር። እንደ አባባላችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ያ ቀርፋፋ ባቡርም ብዙ ቤተሰብ አሳድጓል።

ይህን ስንል ግን የድሮውን ሁሉ ማሞካሸት አይሆንም። ጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ በከፍተኛ ፍጥነት ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገብተው ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሐዲዱ እያረጀ፣ ጥገናው እየቀነሰ ሄዶ በ2008 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው አገልግሎት ቆመ።

አዲሱ ባቡርና አሠራሩ

አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ደግሞ ጂቡቲ ላይ ተመረቀ። መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ2018 መግቢያ ላይ ነው። ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሠሩት፤ አብዛኛው ገንዘብም ከቻይና ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ባለቤትነቱ የኢትዮጵያና የጂቡቲ የጋራ ሲሆን ከአራት ሦስት እጁ የኢትዮጵያ ነው። በ2024 ደግሞ ሥራውን የማስተዳደሩ ኃላፊነት ከቻይናውያኑ ወደ ሁለቱ አገሮች ተላልፏል።

የቀድሞው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። አዲሱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ሰፊ ሐዲድ ማለት ከባድ ጭነትና የተሻለ ፍጥነት ማለት ነው። የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ድሮ ሦስት ቀን የነበረው መንገድ ዛሬ ሳይስተጓጎል ከሄደ በአንድ ቀን ያልቃል።

መቀመጫው በሦስት ይከፈላል። ተራው መቀመጫ አለ፤ ባለ ስድስት ተደራራቢ አልጋ ክፍል አለ፤ ባለ አራት አልጋውና ምቾት ያለው ክፍል አለ። ስሙ ተቀየረ እንጂ ሦስተኛ ማዕረግ አልጠፋም ማለት ነው። ለእኛ ቢጤ የሚሆነው ተራው መቀመጫ ነው።

የበፊቱ ጣቢያ ከተማው መሐል ነበር። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። የአዲስ አበባው ለቡ በኩል ነው፤ የጂቡቲው ነጋድ የሚባል ቦታ ላይ ነው። መስመሩ ሲታቀድ ዋናው ሐሳብ የጭነት ባቡር ነበር። አገራችን ከውጭ የምታስገባውና የምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ በኩል በመሆኑ ይህ አይገርምም። ቀጥ ያለ መስመርና ሰፊ ሜዳ ለጭነት ይመቻል። መንገደኛው ግን በባቡሩ ያተረፈውን ገንዘብ ወደ ጣቢያው በሚወስደው ታክሲ ላይ ይከፍለዋል። ባቡሩ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑም በየጣቢያው ይሸጥ የነበረው ሰው ገበያው ቀርቶበታል።

ሂሳቡ የት ላይ ነው?

እንግዲህ ከሸርቆሌ የሚነሳ ተማሪ ወጪውን እንዴት ያስላ? ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ወጪውን በቅደም ተከተል መዘርዘሩ ይሻላል።

አንደኛ፣ ከሸርቆሌ አሶሳ፣ ከአሶሳ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ነው። ይህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምቴ በኩል ያልፋል። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ ካለው ሐዲድ ብዙም አያንስም። ማለትም የሸርቆሌ ተማሪ ባቡር ላይ ከመውጣቱ በፊት የጉዞውን ግማሽ ጨርሷል። ባለፉት ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ በጸጥታ ምክንያት መኪና የቆመበት ጊዜ ስለነበር ከመነሳት በፊት መጠየቅ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ፓስፖርት ነው። አገር ውስጥ እስከ ድሬዳዋ ለሚሄድ መታወቂያ ሲበቃው ደወሌን አልፎ ጂቡቲ ለሚገባ ግን ፓስፖርት ያስፈልገዋል። የመግቢያ ፈቃድ ሁኔታውንም አስቀድሞ ከኤምባሲው መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ቲኬትና ማደሪያ ነው። የመንገደኛ ባቡር እንደ ሚኒባስ በየሰዓቱ የሚገኝ አይደለም፤ በየቀኑም አይሄድም። የሚሄድበትን ቀን ሳያጣሩ አዲስ አበባ መግባት ያልታሰበ የአልጋ ወጪ ያመጣል። ለቡ የሚደረሰውም ገና ሳይነጋ ስለሆነ በዚያው አቅራቢያ ማደር ነው የሚያዋጣው።

አራተኛ፣ የውጭ ምንዛሪ ነው። ትልቁ ወጪ እዚህ ላይ ነው ያለው። የጂቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በአንድ ዋጋ ተሳስሯል፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው። የእኛ ብር ደግሞ ሐምሌ 2024 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር ሲታይ በጣም ወርዷል። ስለዚህ ፍራንኩ ባለበት ቆሞ ብሩ ሲወርድ፣ ጂቡቲ ውስጥ ያው ሻይና ያው አልጋ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ በእጥፍ ይወደዳል። ባቡሩ ርካሽ ቢሆንም የተደረሰበት አገር ርካሽ አይደለም። በዚህ ምክንያት አቅም የሌለው ተጓዥ ጂቡቲ የሚቆይበትን ቀን ማሳጠር፣ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ካለም አስቀድሞ መፈለግ ይኖርበታል።

አምስተኛ፣ ስንቅ ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሙቀት አያበላሻቸውም። የአሶሳ ማንጎ ወቅቱ ከሆነ ሁለት ሦስት መያዝ ጓደኛ ለማፍራትም ይረዳል። ውሃ ግን በሃይላንድ ሙሉ ሁለትና ሦስት መያዝ አለበት። ወቅትም መምረጥ ያስፈልጋል። ጂቡቲ በክረምታችን ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

አንድ ጥቅም ደግሞ አለን። ጂቡቲ ውስጥ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል። የእኛ አካባቢ ሰው ከበርታ ቋንቋ ሌላ የሱዳን ዐረብኛ ስለሚችል የአዲስ አበባ ልጅ ፈረንሳይኛ ፍለጋ ሲንገላታ የሸርቆሌ ልጅ ሻይ አዝዞ ይጠጣል።

ከመስኮቱ ማዶ

የባቡር ጉዞ ከአውሮፕላን የሚለየው አገር በደረጃ ሲወርድ በማሳየቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። መተሐራ ሲደረስ ወደ 950 ሜትር ይወረዳል። ድሬዳዋ እንደገና ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ይልና ከዚያ በኋላ እስከ ባሕሩ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ጋቢ የለበሰ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ይፈታል። የጤፍ ማሳው በግራር፣ ግራሩ በቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው በጥቁር ድንጋይ ይተካል። በሬው ቀርቶ ግመል ይመጣል።

መተሐራ አካባቢ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ለጋዜጠኛ ትልቅ ርዕስ ነው። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የአገሪቱ ብዙ ሐይቆች ሲቀንሱ ይሄኛው እየሰፋ የእርሻና የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የቀድሞውን ሐዲድና የመኪና መንገድም አስቸግሯል።

ርካሹ መንገድ የማን ነው?

እስከ አሁን ስለ አቅመ ደካማ ተጓዥ ስናወራ ተራ መቀመጫ የሚቆርጠውን ነበር ያሰብነው። ግን ከእሱ በታች ሌላ ተጓዥ አለ። ከአገራችን ተነስተው ጂቡቲን በእግር አቋርጠው፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ተሳፍረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ የሚሞክሩ ወጣቶች በየዓመቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ባቡሩ የሚሄድበት በረሃና እነሱ የሚሄዱበት በረሃ አንድ ነው። ብዙዎቹ ደላላ የሚጠይቀውን ገንዘብ ስለሚከፍሉ ወጪያቸው ከተራ መቀመጫ ቲኬት እጅግ ይበልጣል። በውሃ ጥም የሚሞቱ አሉ። በሚያዝያ 2024 በጂቡቲ የባሕር ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከየመን ይመለሱ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል።

ታዲያ ባቡር እያለ፣ ያውም በርካሽ፣ ለምን በእግር ይኬዳል? መልሱ ከፍ ብለን በሁለተኛ ደረጃ የዘረዘርነው ወረቀት ነው። ፓስፖርት ያለው «ተጓዥ» ይባላል። የሌለው «ስደተኛ» ወይም «ሕገ ወጥ» ይባላል። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ አገራቸው አንድ ነው፣ ምናልባትም ተምረው የወጡበት ክፍል ተመሳሳይ ነው። የሸርቆሌ ሰው ይህን በደንብ ይረዳል ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም ከ1997 ጀምሮ ያለ ቲኬት ድንበር የተሻገረ ሰው በደጁ አይጠፋም። እኛ ቤት የመጣውን «እንግዳ» ካልነው፣ ከእኛ የሚሄደውን ልጅ ምን ብለን እንደምንጽፍ ማሰብ ይገባናል።

ለጋዜጠኝነት ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ጥናት ለሙያችን የሚጠቅሙ አራት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው የቃል ምርጫ ነው። ተጓዥ፣ መንገደኛ፣ ስደተኛ፣ ፍልሰተኛ የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። በጦርነት የሸሸውንና ሥራ ፍለጋ የሄደውን በአንድ ቃል መጥራት ስህተት ነው። ቃሉን ከመጻፍ በፊት ሰውየው ለምን እንደተነሳ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቁጥርን ማጣራት ነው። የቀድሞው ሐዲድ ርዝመት አንድ ቦታ 781፣ ሌላ ቦታ 784 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይገኛል። የአዲሱም ቁጥር መለኪያው ከሰበታ ወይም ከለቡ፣ እስከ ነጋድ ወይም እስከ ወደቡ እንደመሆኑ ይለያያል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ጋዜጠኛው «ከየት እስከ የት?» ብሎ ካልጠየቀ ግን ሁለቱም ያሳስቱታል።

ሦስተኛው ከማን ጋር ተቀምጠን እንደምናይ ማወቅ ነው። በ1935 የኢጣሊያን ወረራ ለመዘገብ የመጡት የውጭ ጋዜጠኞች በዚሁ መስመር ነበር አዲስ አበባ የገቡት። በግንቦት 1936 አፄ ኃይለ ሥላሴም ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ እንግዶቹ ብዙ ተጽፏል። በዚያው ዘመን ሦስተኛ ማዕረግ ላይ ስለነበረችው ወተት ሻጭ የተጻፈ ነገር ግን ማግኘት ያስቸግራል። ተራ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ይህን ክፍተት የመሙላት ዕድል አለው። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ከአንድ ሰው ጋር መቀመጥ የትኛውም ቢሮ የማይሰጠው የቃለ መጠይቅ ጊዜ ነው።

አራተኛው ጥንቃቄ ነው። ማስታወሻ ከማውጣት በፊት ተማሪ መሆንን መናገር፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሳት፣ ድልድይ፣ ኬላና የጸጥታ ሰዎችን ጨርሶ አለማንሳት ይገባል። ወረቀት የሌለውን ሰው ስሙንና መንደሩን መጻፍ ደግሞ ለእኛ ዝርዝር፣ ለእሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ገንዘብ የሌለው የሸርቆሌ ተማሪ በባቡር ውጭ አገር ደርሶ መመለስ ይችላል። ነገር ግን ውዱ ነገር የባቡሩ ቲኬት ሳይሆን ከባቡሩ በፊት ያለው መንገድ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀትና ከባቡሩ በኋላ ያለው ምንዛሪ ነው። አዲሱ ባቡር ከቀድሞው ፈጣንና ዘመናዊ ሆኗል፤ ከትንንሹ ጣቢያና ከትንሹ ሻጭ ግን ርቋል። ሁለቱንም ሳይሸፋፍኑ መጻፍ የጋዜጠኛ ሥራ ነው።

ሐዲድ ወደ አሶሳ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። ኩርሙክ በኩል የሚመጣውን መንገደኛ ከየት ተነስቶ፣ በምን ተጉዞ፣ ምን ይዞ እንደመጣ ጠይቆ መጻፍ ይቻላል። የረጅም ጉዞ ዘገባ ከዚያም ይጀመራል፤ ለዚህኛው ደግሞ ቲኬት አያስፈልግም።